ደመወዙ አልቆመም

በኮሮና የመጀመሪያዎቹ ወራት በሰሜን ቨርጂኒያ ከምናውቃቸው ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ከሥራ ውጭ ሆነው ነበር። የታክሲና የኡበር ሾፌሮቹ፣ በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የመኪና ማቆሚያ የሚሠሩት፣ በሆቴል አልጋ የሚያነጥፉት፣ የራሳቸው ምግብ ቤት ያላቸው ጭምር። ስልክ ተደዋውለን ሁሉም ጭንቀቱን ካወራ በኋላ ወሬው ወደ እኔ ሲዞር የሚነገረኝ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «አንቺስ ተመስገን በይ፤ የወታደር ደመወዝ አይቆምም።»

ተመስገን ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ደመወዙ በእርግጥም አልቆመም። በየወሩ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ሳያዛንፍ ባንክ ገብቷል። የቆመው ያ ደመወዝ ተደግፎት ይኖር የነበረው ነገር ሁሉ ነው፦ የትዳር ጓደኛ ሥራ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ምሳ፣ የሕፃናት ማቆያው፣ የቅዳሜና እሑድ ትርፍ ሥራ፣ ቀን የተቆረጠለት ዝውውር። ያኔ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሃምሳ አለቃ ሆኜ በዚያው አካባቢ ባለው የጦር ሰፈር በፎርት ቤልቮር በንብረትና አቅርቦት ክፍል እሠራ ነበር። ከእኔ ሥር የነበሩት ወጣቶች ያን ዓመት እንዴት እንዳሳለፉት አይቻለሁ፤ በራሴም ቤት ኖሬዋለሁ። በአማርኛ ስለዚህ ነገር የተጻፈ አላጋጠመኝም። ልጆቻችን ግን በየዓመቱ እየተመዘገቡ ነው፤ ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ። ዓመቶቹም ወሮቹና ቀኖቹም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ወደ ሠራዊቱ ያስገባኝ አማርኛ ነው። ለተማሪነት በመጣሁበት ቪዛ ላይ ሳለሁ ሠራዊቱ የሚፈልጋቸውን ቋንቋዎች የሚናገሩ የውጭ ዜጎችን የሚቀበል ማቭኒ የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ አማርኛም ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች አንዱ ነበረ። ግሪን ካርድ ያልነበራቸው ብዙ ሐበሾች በዚያ በር ገብተው ዜግነት አግኝተዋል። በሩ በ2016 ተዘጋ። እኔ ከዕድለኞቹ ነበርኩ፤ ይህን አገርም ዩኒፎርሙንም እወዳለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ቅሬታ ከጥላቻ የመጣ አድርጎ የሚያነብ ሰው እንዳይኖር ነው ይህን ማስቀደሜ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። በ2020 ከተመዘገበ አራት ወር ያለፈው ተራ ወታደር በወር 1,733 ዶላር ከ10 ሳንቲም መነሻ ደመወዝ ነበረው። የዚያ ዓመት ጭማሪ 3.1 በመቶ ሲሆን በአሥር ዓመት ውስጥ ከታዩት ሁሉ ትልቁ ተብሎ ተነግሮለታል። ላላገባና በካምፕ ውስጥ ለሚኖር ልጅ ይህ ይበቃል፤ መኝታውም ምግቡም በሠራዊቱ ነው። ሚስትና ልጅ ላለው ግን ኑሮው የሚቆመው ሁለት ሰው ሲሠራ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሰው ደግሞ ሥራ ማግኘት ይቸግረዋል። በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ ከግዛት ግዛት የሚዛወር ቤተሰብን ሰው ማን አምኖ ይቀጥራል? መከላከያ ሚኒስቴሩ ራሱ በ2019 ባደረገው ጥናት፣ ወረርሽኙ ገና ሳይሰማ፣ ሥራ ከሚፈልጉ የወታደር የትዳር ጓደኞች መካከል 22 በመቶ ያህሉ ሥራ አጥ ነበሩ። የአገሩ አጠቃላይ የሥራ አጥ ቁጥር በዚያን ጊዜ 4 በመቶ እንኳን አይሞላም ነበር። ስለዚህ ኮሮና ሲመጣ የወታደሩ ቤት አስቀድሞ በአንድ እግሩ የቆመ ነበር።

ባለቤቴ በመኪና ማቆሚያው የሚሠራው ለአንድ ድርጅት ነበር። መጋቢት ላይ አውሮፕላን ማረፊያው ጭር ሲል ሁሉንም አሰናበቷቸው። የሥራ አጥ ድጎማው እስኪፈቀድለት ድረስ ብዙ ጠበቅን፤ ከተፈቀደ በኋላ ግን የፌዴራል መንግሥት በሳምንት የጨመረው 600 ዶላር እውነቱን ለመናገር ከሚያገኘው ደመወዝ የተሻለ ነበር። ያ ጭማሪ በሐምሌ መጨረሻ ተቋረጠ። በመስከረም ድርጅቱ ጥቂት ሠራተኞችን መልሶ ሲጠራ እርሱ መሄድ አልቻለም፤ የፌርፋክስ ትምህርት ቤቶች በኮምፒውተር ብቻ ነበር የሚያስተምሩት፣ እኔ ደግሞ ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ስለሆነ ከቤት ሊሠራ አይችልም። የመጀመሪያ ክፍል ልጅ ብቻውን ኮምፒውተር ፊት አይቀመጥም። ስለዚህ ሥራው ቀረ። ከሥራው ጋር ድጎማውም ቀረ፤ ሥራ ቀርቦለት እምቢ ያለ ሰው ድጎማ አይገባውም ተባለ። ይህን የምነግራችሁ እኛ ከሁሉ የከፋን ስለነበርን አይደለም። ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፤ ከበታቾቼ የተሻለ ይከፈለኝ ነበር። እኛ ከጠበበን እነርሱ እንዴት እንደሆኑ ገምቱ።

መጋቢት 13 ቀን የመከላከያ ሚኒስትሩ ማርክ ኤስፐር ትእዛዝ አወጡ፦ ከመጋቢት 16 ጀምሮ በአገር ውስጥ ማንኛውም የሠራዊት ዝውውር ይቁም። መጀመሪያ እስከ ግንቦት 11 ተባለ፣ ኋላም እስከ ሰኔ 30 ተራዘመ። በሽታው እንዳይዛመት የተወሰደ ተገቢ ውሳኔ ነበር። ነገር ግን የወታደር ዝውውር ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት የሚጀመር ሥራ ነው። ቤት ኪራዩን ታስታውቃለህ፣ የትዳር ጓደኛህ ሥራዋን ትለቃለች፣ ዕቃ ጫኞች መጥተው አልጋውንም ድስቱንም ጭነው ይሄዳሉ። ትእዛዙ ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ ከዚህኛው ወጥቶ እዚያኛው ሳይደርስ መሀል መንገድ ላይ ቀረ።

ከእኔ ክፍል አንዱ እንዲህ ሆነ። ስፔሻሊስት ነው፣ ከሃምሳ አለቃ በታች ያለ ማዕረግ፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፤ ወደ ፎርት ካርሰን፣ ኮሎራዶ ሊዛወር ዕቃው ከተጫነ ገና ሳምንቱ ነበር። የሚለቀውን ቤት አከራዩ ለሌላ ሰው አከራይቶታል። ሚስቱ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ትሠራ ነበር፤ ዝውውር አለብን ብላ ለቃለች፤ ልመለስ ብትል ክሊኒኩ ራሱ ተዘግቷል። በሳምንት የሚከፈልበት ሞቴል ገቡ። ምግብ ሠርቼላቸው ይዤ የሄድኩ ዕለት ያየሁት አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ መስኮቱ ሥር አንድ ማይክሮዌቭ። ድስታቸው ኮሎራዶ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚበሉት በማይክሮዌቭ የሚሞቅ ነገር ነው፤ እርሱም ከጥሬው ይወደዳል። ትልቋ ልጅ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግታ እዚያ ውስጥ በአባቷ ስልክ ትማራለች፤ ጸጥታ ያለው እዚያ ብቻ ነዋ። እናትየዋ ዕቃ ጫኞቹ የሰጧትን የንብረት ዝርዝር ወረቀት ገልብጣ በጀርባው የየቀኑን ወጪ ትጽፍበታለች። በአንድ ገጽ የሞቴሉ፣ በሌላው የምግቡ፣ በሌላው የመኪናው ዕዳ። ፊት ለፊቱ «ሶፋ፣ አንድ፣ ጫፉ የተፋቀ» ይላል። ጀርባው ላይ ቁጥር ብቻ ነው።

እርሱ ወደ መኪናዬ ሲሸኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳጅን፣ ገንዘቡ እኮ ይገባል፤ ሳይገባ ነው የሚያልቀው» አለኝ።

መሥሪያ ቤቱ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ነበር አልልም። ቀስ በቀስ ልዩ ልዩ አበል ተፈቅዷል፤ ለዝውውሩም ከሁኔታው ጋር እየታየ ፈቃድ መሰጠት ጀመረ። አበል ግን በሠራዊት ውስጥ የሚከፈለው ደረሰኝ ቀርቦ ነው። መጀመሪያ ከኪስህ ታወጣለህ፤ ከዚያ ትጠይቃለህ፤ ከዚያ ትጠብቃለህ። ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው ኋላ የሚመለስ ገንዘብ ዛሬ እራት አይሆንም።

ያ ልጅና ሚስቱ ፉድ ስታምፕ፣ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የሚሰጠውን የምግብ መግዣ ድጋፍ፣ አመለከቱ። ተከለከሉ። ይህን ክልከላ በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ዋናው ነገር እርሱ ነውና።

በዚያ ዓመት አራት ሰው ላለበት ቤተሰብ ፉድ ስታምፕ ለማግኘት የወር ጠቅላላ ገቢ ከ2,790 ዶላር መብለጥ አልነበረበትም፤ ይህም ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 130 በመቶ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ያገለገለ ስፔሻሊስት መነሻ ደመወዙ 2,380 ዶላር ገደማ ነው። የምግብ አበል የሚባለው 372 ዶላር ከ71 ሳንቲም ይጨመርበታል። ድምሩ 2,750 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ለጥቂት ቢሆንም ከመስመሩ በታች ነው፤ ይገባዋል ማለት ነው። ነገር ግን ወታደሩ የቤት አበልም አለው። በእኛ አካባቢ ኪራይ ውድ ስለሆነ የቤት አበሉም ከፍ ያለ ነው፤ ቤተሰብ ላለው ስፔሻሊስት ከ2,000 ዶላር አያንስም። የፉድ ስታምፕ ሕግ ይህን አበል ገቢ ብሎ ይደምረዋል። ስለዚህ ያ ሞቴል ውስጥ የሚኖር ሰው በወረቀቱ ላይ በወር ከ4,700 ዶላር በላይ የሚያገኝ ሆኖ ተጻፈ።

የቤት አበሉ ግን በእጁ አያድርም። ለቤት የተሰጠ ነው፤ አከራዩ ይወስደዋል። በካምፑ ውስጥ ባሉት የግል ድርጅቶች በሚያስተዳድሯቸው ቤቶች የሚኖሩትማ ገንዘቡን አያዩትም፤ በክፍያ ወረቀታቸው ላይ ገብቶ በዚያው ይወጣል። እንዲያም ሆኖ ይደመራል። የበለጠ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የቤት አበልን ገቢ ነው አይልም። ግብር አይከፈልበትም፤ ሕጉ ግልጽ ነው። ያው አንድ መንግሥት፣ ያው አንድ ዶላር፣ በአንዱ መስኮት ገቢ አይደለም ይባልና በሌላው መስኮት ገቢ ነው ይባላል። ኪራይ ውድ በሆነ ቦታ የተመደበ ወታደር አበሉ ከፍ ስለሚል ከድጋፉ ይበልጥ ይርቃል። ይህን ሕግ ያወጡ ሰዎች ክፉ ናቸው አልልም። የወታደርን ቤት በር ግን ያንኳኩ አይመስለኝም።

በ2020 ደግሞ ክልከላው ከሌላ ጊዜ ይልቅ ከበደ። በመጋቢት 18 በወጣው ሕግ መሠረት ግዛቶች ፉድ ስታምፕ ለሚያገኙ ቤተሰቦች የድንገተኛ ጊዜ ጭማሪ እየሰጡ እያንዳንዱን ቤተሰብ ወደ ከፍተኛው መጠን አደረሱት። በጥር 2021 ደግሞ ሌላ 15 በመቶ ተጨመረ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ የብዙ ሐበሾችን ቤት ያቆመ ነው። ያ ሁሉ ጭማሪ ግን የሚደርሰው አስቀድሞ በሩን ላለፈ ሰው ነው። ከደጅ የቀረ ወታደር ጭማሪውም አለፈው።

እርግጥ የሚመሰገንም አለ። መጋቢት 27 በወጣው ትልቁ የእርዳታ ሕግ እያንዳንዱ አዋቂ 1,200 ዶላር ሲሰጠው፣ ከባልና ሚስት አንዱ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌለው ሁለቱም እንዳይከፈላቸው ተደርጎ ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ የስደተኛ ቤተሰብ፣ የእኛም ሰው፣ ባዶ እጁን ቀርቷል፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስም አልተስተካከለም። ለወታደር ግን ሕጉ ልዩ አስተያየት አድርጓል፤ ከሁለቱ አንዱ በሠራዊቱ ውስጥ ካለና የአንዳቸው ቁጥር ካለ ክፍያው አይከለከልም። ሚስቱ በቅርቡ ከጎንደር የመጣችለት፣ ወረቀቷ ገና ያላለቀ አንድ ወታደር አውቃለሁ፤ ያ ገንዘብ የደረሰው በዚህች አንቀጽ ነው። ሕግ አውጪ ስለ ወታደር ቤት አንድ ደቂቃ ቆም ብሎ ሲያስብ ምን ያህል እንደሚለውጥ ያየሁት በዚህ ነው።

ስለ ሐፍረቱም መናገር አለብኝ። ሐበሻ ገበናውን መሸፈን ይወዳል እንላለን፤ ወታደር ከሐበሻ ይብሳል። ለዚህም ምክንያት አለው። ብዙው የሠራዊት ሥራ የምሥጢር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ሲሰጥም ሆነ ሲታደስ የገንዘብ ሁኔታህ ይመረመራል። ያልተከፈለ ዕዳ ያለበት ሰው በጥቅም ሊደለል ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፤ ከፈቃዱ ጋር ሥራውም ይሄዳል። ወጣቶቹ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ሲቸገሩ ለአለቃ ከመንገር ይልቅ ክሬዲት ካርድ ይመዛሉ፤ ካርዱ ሲሞላ ሌላ ካርድ። ከ1942 ጀምሮ ያለው የጦር ሠራዊቱ የመረዳጃ ድርጅት፣ አርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍ፣ ወለድ የሌለው ብድርና አንዳንዴም ስጦታ ይሰጣል። ስንቱን ልጅ እጁን ይዤ ወስጃለሁ! ከሁሉም የምሰማው ጥያቄ ግን «አዛዡ ያውቃል?» የሚል ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ የሚኖረው ከሚጠይቀው ይበልጣል።

በዚያ በጋ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ምግብ ይታደል ነበር፤ እኔም በበጎ ፈቃድ ሳጥን እጭን ነበር። መኪኖቹ ተሰልፈው ይመጣሉ፣ የኋላው ኮፈን ይከፈታል፣ ሳጥኑ ይገባል፣ ይሄዳሉ። ማንም ስም አይጠይቅም። አንዱ መኪና ሲደርስ ሾፌሩ የወታደር ሱሪና ጫማ ለብሷል፤ ላይ ግን የውስጥ ካናቴራ ብቻ ነው። የደንብ ልብሱን ኮት አውልቆ፣ ስሙና ማዕረጉ እንዳይታይ ገልብጦ አጥፎ፣ ጎኑ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጦታል። እኔ ሲቪል ለብሼ ጭንብል ስላደረግሁ አላወቀኝም። እኔ አውቄዋለሁ። ሳጥኑን ጫንኩለት፤ ሁለተኛም ጨመርኩ፤ ምንም አላልኩም። ሰኞ ጠዋት መጋዘን ውስጥ ተገናኝተን ስለ ባትሪና ስለ ጎማ ተነጋገርን።

በዚሁ ወቅት በብዙ ግዛቶች የምግብ ባንኮቹን ሥራ የሚሠሩት የናሽናል ጋርድ፣ ማለትም የሲቪል ሥራ እየሠሩ ሲጠሩ የሚያገለግሉ፣ ወታደሮች ነበሩ። ምግቡን የሚያሽጉት፣ ሳጥኑን የሚጭኑት፣ ሰልፉን የሚያስተናብሩት እነርሱ ናቸው። ከ40,000 በላይ የጋርድ አባላት በኮሮና ሥራ ላይ ተሰማርተው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ዘመዳችን ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ታክሲ ይነዳል፣ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በሜሪላንድ ጋርድ ያገለግላል። ታክሲው ሲቆም ጥሪው ደረሰለትና እፎይ አለ። ከዚያ ትእዛዙ ሰኔ 24 ያበቃል ተባለ። ለብዙዎቹ ይህ ማለት 89 ቀን ነው። ለትምህርት ድጋፍ የመጀመሪያው እርከንና ለጡረታ ዕድሜ ቅነሳ የሚያስፈልገው ደግሞ 90 ቀን ነው። አንዲት ቀን! ጋዜጦች ይህን ሲያወጡትና የምክር ቤት አባላት ሲጮኹ ትእዛዙ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ተራዘመ። መጨረሻው አምሯል፤ ግን ባይጮህ ኖሮስ?

በመስከረም ሌላ ነገር መጣ። በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ለጡረታው፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው 6.2 በመቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሳይቆረጥ እንዲቆይ ተደረገ። የግል ድርጅቶች አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። ወታደር ግን አይጠየቅም፤ መነሻ ደመወዙ በወር ከ8,666 ዶላር በታች የሆነ ሁሉ በግድ ገባበት፣ ልውጣ ማለት አልተፈቀደም። ደመወዙ በድንገት ከፍ ሲል የከፊሎቹ ሚስቶች ጭማሪ መስሏቸው ነበር። ስጦታ አልነበረም፤ ከጥር 2021 ጀምሮ መልሶ የሚቆረጥ ብድር ነበር፤ ኋላ በወጣው ሕግ መመለሻው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባይዘረጋ ኖሮ በአራት ወር ውስጥ ሁሉም ሊቆረጥ ነበር። በየሳምንቱ ልጆቹን ሰብስቤ የክፍያ ወረቀታቸውን እያሳየሁ «ይህን አትንኩት» እል ነበር። ግን ለተራበ ሰው ገንዘብ ሰጥቶ አትንካው ማለት ምን ዓይነት ነገር ነው?

ከአሜሪካውያኑ ጓዶቼ የሚለየን አንድ ሸክም ደግሞ አለ፤ እርሱን ያለፈ ሰው ያውቀዋል። እናቴ ደሴ ናት። እህቴ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ጎብኚ ሲጠፋ ሆቴሉ ዘጋ። በሚያዝያ ኢትዮጵያ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ቀድሞ ሁለት የነበረው በየወሩ የሚደወልልኝ ጥሪ አምስትና ስድስት ሆነ። በኅዳር በሰሜን ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ ስልኩን ማንሳት ራሱ ያስፈራ ነበር። አገር ቤት ላለ ሰው የአሜሪካ ወታደር ተቸግሯል ብሎ ማስረዳት አይቻልም። እኔም አላስረዳሁም። ገንዘብ ላኪ ሲሉኝ ላክሁ። ያን ዓመት ከእጃችን የወጣው ገንዘብ ውስጥ ሳልጸጸት የማስታውሰው እርሱን ነው።

ዕቁባችንም በዚያው ሰሞን ተበተነ። አባላቱ አብዛኞቹ ሾፌሮች ነበሩ፤ ገና ያልደረሳቸው ሰዎች ከፍለው የደረሳቸው መክፈል አቃታቸው። ሰብሳቢያችን፣ እጅግ የማከብራቸው ሽማግሌ፣ ደውለው «ልጄ፣ አንቺ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነሽ፤ ለሁለቱ ዋስ ሁኚልን» አሉኝ። እምቢ ማለት ከብዶኝ ባለቤቴን ተመለከትኩ፤ እርሱ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ አቅም የለንም» ስላቸው ዝም አሉ፤ እንዳላመኑኝ ገባኝ። ደመወዝ ያለው ሰው አቅም የለኝም ሲል ማን ያምነዋል? ኋላ ዕዳው ቀስ በቀስ ተከፍሎ ሁሉም ገንዘቡን አገኘ፤ ሽማግሌውም ዛሬ ወዳጄ ናቸው። ያን ዝምታ ግን ከፉድ ስታምፕ ቢሮው ክልከላ ለይቼ አላየውም። ሁለቱም ያዩት የደመወዙን ወረቀት ነው።

ቁጥሩ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በሐምሌ 2022 መከላከያ ሚኒስቴሩ ባሳተመው ሪፖርት በመደበኛ ሠራዊት ውስጥ ካሉት 24 በመቶ ያህሉ በወረርሽኙ ጊዜ የምግብ ዋስትና ችግር እንደነበረባቸው ታመነ። ከአራት ወታደር አንድ ማለት ነው። ይህን ሳነብ መጋዘናችን ውስጥ ጠዋት ተሰልፈው የሚቆሙት ልጆች በዓይነ ኅሊናዬ መጡ፤ ከእያንዳንዱ አራት አንዱን እየቆጠርኩ ማን ይሆን እያልኩ ነበር። አንዳንዶቹን አውቃለሁ። ሌሎቹን ግን ፈጽሞ አልጠረጠርኳቸውም።

የመከላከያ ሚኒስትሩ ሎይድ ኦስቲን በኅዳር 2021 ጉዳዩን በአደባባይ አንሥተው ኪራይ በናረባቸው አካባቢዎች የቤት አበል ለጊዜው እንዲጨምር አደረጉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በጸደቀው ሕግ ደግሞ መሠረታዊ ፍላጎት ማሟያ የሚባል አዲስ አበል ተፈጥሮ ከጥር 2023 መከፈል ጀመረ፤ ገቢው ከድህነት መስመሩ 130 በመቶ በታች ለሆነ ወታደር፣ ኋላም ወደ 150 በመቶ ከፍ ብሎ። ሲጀመር ግን በዚህም ውስጥ የቤት አበሉ እንደ ገቢ ተቆጠረ፤ ሊቀር የሚችለው በተለይ ውድ በሆኑ ቦታዎች ብቻ ነበር። ያው ድንጋይ፣ ያው ጉድጓድ። በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ በታኅሣሥ 2024 የጸደቀው ነው፤ የዝቅተኛ ማዕረግ ወታደሮች መነሻ ደመወዝ በጥር 2025 በ4.5 በመቶ፣ በሚያዝያ ደግሞ በሌላ 10 በመቶ አደገ። ለአበል ማመልከቻ መጻፍ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ማፈር የለም። ለእነዚያ የሞቴሉ ልጆች በ2020 ይህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ!

እነርሱ በዚያው በ2020 ሐምሌ ኮሎራዶ ገቡ። ሚስቱም ሥራ አገኘች፤ የነበረባቸውን የክሬዲት ካርድ ዕዳ ለመጨረስ ግን ረጅም ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። እርሱም ዘመኑ ሲያልቅ እንደገና አልፈረመም። ጥሩ ወታደር ነበር፤ ሠራዊቱ ያጣው በጦር ሜዳ ሳይሆን በሂሳብ ነው።

የፉድ ስታምፑ ሕግ ግን አልተነካም፤ የቤት አበሉ ዛሬም ይደመራል። ይህን መለወጥ የሚችለው ምክር ቤቱ ነው፤ ፉድ ስታምፕ የሚታደሰውም በእርሻ ሕጉ ውስጥ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በቴክሳስ፣ በዋሽንግተን ግዛት የምትኖሩ፣ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ዩኒፎርም የለበሰ ወገኖቼ፣ ለምክር ቤት አባላችሁ ቢሮ ጻፉ ወይም ደውሉ። እኔ ጽፌአለሁ፤ ደግሜም እጽፋለሁ። በሠራዊቱ ውስጥ ያላችሁና አሁን የጠበባችሁ ደግሞ፣ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠውን የምግብ ድጋፍ ጠይቁ፤ እዚያ ብዙ ግዛቶች የቤት አበሉን አይቆጥሩም። ፉድ ስታምፑንም አይገባኝም ብላችሁ ራሳችሁን አትከልክሉ፤ የምትኖሩበት ግዛት ደንብ ሊለይ ይችላልና አመልክቱ። ከከለከሏችሁ የክልከላውን ደብዳቤ አትጣሉት፤ ለምክር ቤት አባሉ ስትጽፉ አባሪ አድርጉት።